«ተርቧል?»

በአውሮፕላን ማቆያው ሃንጋር ውስጥ፣ የመሣሪያ ባለሙያው አስከሬን ከጄቱ አፍንጫ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከአውሮፕላኑ አውቶማቲክ መድፎች አንዱ ገና ባሩድ ባሩድ ይሸታል። አብራሪው ግድግዳ ተደግፎ ጣቱን ያያል። ቃታውን የሳበው ያ ጣት ነው። ወህኒ መውረዱን ከወዲሁ ተቀብሎታል፤ ያቃተው የሰው ነፍስ አጥፍቶ መቆሙ ነው።

«ለምን ሳብከው?» አለችው መርማሪዋ።

«የቃታውን ሽቦ ልንፈትሽ ነበር። ሟቹ ከፊት ቆሞ በእጁ ሳብ አለኝ፣ ሳብኩ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«እንጃ። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ያለ ሰው ከወንበሬ አይታይም። የራስ ቁር ስላደረግሁም አልሰማም።»

የጥገናው አለቃ፣ የሟች ሚስት ወንድም፣ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ዕቃ ቤት ሞተር እየፈታሁ ነበር። ምን ይደረጋል፣ ልጅነት ነው። ጣቱ ከአእምሮው ቀደመ።»

አብራሪው አንገቱን ደፋ። መርማሪዋ ግን የአለቃውን እጅ ታይ ነበር፤ ነጭ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

የበሩ ዘበኛ ተጠራ። «እኔ የሰማሁት የምሳ ወሬ ነው። ሟቹ ‹ተርቧል?› አለ፤ አንዱ ‹ተርቧል› ብሎ መለሰ። ከዚያማ በተኩሱ ጆሮዬ ደነቆረ። ሃንጋሩ ስለሚያስተጋባ ድምፁን አልለየሁትም።»

መርማሪዋ መድፉን አስፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሁሉንም ዙሪያውን ሰበሰበቻቸው። ወደ አብራሪው ዞረች።

«ተርቧል?»

«ማን?» አለ ግራ ገብቶት።

«እኔ እንኳ በልቻለሁ» አለ ዘበኛው ሳይጠየቅ።

ድንገት ወደ አለቃው ዞራ፣ «ተርቧል?» አለች።

የአለቃው እጅ ከአፉ ቀደመ። ሁለት ጣቱ ጥይት በሚጎርሰው የመድፉ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ዳሰሰ። «ተርቧል» አለ። ወዲያው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አመሰግናለሁ» አለች። «መድፍ አፍ ላይ የቆመ ሰው የምሳ ወሬ አያወራም ብዬ ነበር። በእናንተ አነጋገር መድፍ ባዶ ሲሆን ተርቧል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ አያውቁትም። ስለዚህ ለሟቹ የመለሱለት እርስዎ ነዎት። እሱም እርስዎን አምኖ ምልክት ሰጠ። ጉሮሮው ውስጥ ግን አንድ ጥይት ቀርቶ ነበር። ሞተር ሲፈታ የነበረ እጅ ደግሞ እንዲህ አይነጣም። ለመሆኑ ያኔ እጅዎ የት ነበር?»

አለቃው ሁለቱን ጣቶቹን ከመድፉ አወጣ።

«ታጥቤው ነበር» አለ። «ወደ ቤት ልሄድ ስል ነው። ዳግም በቅባት እንዳላቆሽሸው ብዬ ሳልዳስስ መለስኩለት።» ወደ አብራሪው ቀና ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ጥፋቴን አንተ ላይ ያላከክሁት እህቴን ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«እህትዎ ደጅ ናት» አለች መርማሪዋ። «እስካሁን የነገራት የለም።»

አብራሪው ወደ አለቃው ተጠጋ። ንዴት ይመጣል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን ያው ጸጸት ነው።

«የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አብረን እንንገራት።»

አለቃው ንጹሕ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ተከተለው።