ያልዳሰሰ አይነዳም

ሬሳውን ከመኪናው ያወጡት ብረት በሚቆርጥ መጋዝ ነው። ባለቤቱ እንደ ሰገነት ከፍ ያስደረገው ፒካፕ ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ስቶ ሦስት ጊዜ ተገልብጧል። የጎማዎቹ አፍ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ መሪው ግን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ተጠምዝዟል።

«መሪው ግራ ሲል ጎማው ቀኝ» አለ የትራፊክ ፖሊሱ። «እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ተንበርክካ ከሥር አየች። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ከመያዣው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የተሰበረ ነገር የለም። ጫፉን የሚያጠብቀው ዳዶ ግን ጠፍቷል። ዳዶው እንዳይፈታ በመሀሉ የምትገባው ቀጭን ሽቦ፣ መካኒኮች ኮፒሊያ የሚሏት፣ እሷም የለችም።

የመኪናውን መሪ በዚያው ሳምንት የሠራው ሰው ይታወቃል። ከቀትር በፊት እጁ በካቴና ታሰረ፤ ጋራዡ ታሸገ።

ሰውየው ስድሳ ዓመት አልፎታል። ግራ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። በመዳሰስ ስለሚሠራ ደንበኞቹ «ዳሳሹ» ይሉታል። መርማሪዋ የእስረኛ ማረፊያ ክፍሉ ስትገባ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ነበር።

«ልጄ፣ አስሬዋለሁ። በዚህ እጄ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«እኔ ግን ምስክር አለኝ። እኔ ጋ ያልዳሰሰ አይነዳም።»

ነገሩን አስረዳት። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ባለመኪናው ከሥር ገብቶ ዳዶውንና ኮፒሊያውን በገዛ እጁ ሳይነካ ቁልፍ አያስረክብም።

«ሟቹ ዳሰሰ?»

«ያ ሰውዬ መሬት ላይ ሊተኛ? ሐሙስ ወንድሙን አስተኛ፤ ዓርብ ሚስቱን።»

«ሁለት ቀን ለምን?»

«መኪናውን ሰቅሎት ሰቅሎት አበላሸው። አካሉ ሽቅብ ሲሄድ ዘንጉ እንደ ቁልቁለት ዘመመ። ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር መሪው ከእጁ ይነጠቃል። ሐሙስ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ክንድ ገጠምኩለት። ተሻለው እንጂ አልዳነም። ዓርብ ተመልሶ መጣና ሰው ፊት ዕውር ብሎ ሰደበኝ። ያኔ ዘንጉን ገለበጥኩት። ሐሙስ ዘንጉ ከሥር፣ ዳዶው ከላይ ነበር። ዓርብ ዘንጉን ከላይ፣ ዳዶውን ከሥር አደረግኩት። ዘንጉ ተጋደመ። መኪናው እንደ በግ ገራም ሆነ። አመሰግናለሁ እንኳን ሳይል ሄደ።»

«ሐሙስ ወንድሙ ሲዳስስ የሆነ ነገር ነበር?»

«ምንም። ዳሰሰ፤ ወጣ።»

ይህን ሲል መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። መዳፎቹ ግን ንጹሕ ነበሩ።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው። ከአደጋው ቦታ እስከ ግቢው በር አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መንገዱን ዳርና ዳር እያየች ወጣችው። ወደ በሩ ስድሳ እርምጃ ሲቀራት፣ ከውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ዳዶውን አገኘችው። ጥርሱ አልተበላም፤ ተፈትቶ ነው የወደቀው።

በሩን የከፈተችላት የሟቹ ሚስት ናት። ከንፈሯ አብጧል።

«ባልሽ ነው?»

«ዓርብ ማታ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ነበር የምሄደው። በዚህ ፊትሽ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ ብሎ አስቀረኝ።»

«ከንፈርሽ አተረፈሽ።»

«ይመስለኛል» አለች፤ ልብስ እንደመረጡላት ሰው፣ ያለ ደስታ።

«ዓርብ ዳስሰሻል?»

«‹ከሥር ግቢ› አለኝ፤ ገባሁ። ዳዶው ከሥር ነው። እንደ ጠርሙስ ክዳን ያዝኩት፤ ጠበቅ ያለ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«በዚህ ቤት ማን ለማን ያወራል፣ እህቴ?»

ግቢው ጥግ የሕፃን ብስክሌት ዝጎ ቆሟል። መርማሪዋ ስታየው ሚስትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የወንድሙ ልጅ ነበረች። እናቷ ስትወልዳት ነው የሞተችው፤ ለአባቷ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። አምና ባሌ እዚህ ግቢ ውስጥ ገጫት። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ቆማ አልታየችውም፤ ከፍታው አያሳየውም። በወሩ እንደገና ከፍ አስደረገው።»

ታናሽ ወንድሙ ከኋላ ቤት ነው የሚኖረው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበር ሰጥቷት እሱ ቆመ።

«ዓርብ የት ነበርክ?»

«ድንጋይ ካባው። ከንጋት እስከ ማታ። ሠራተኞቹን ጠይቂ።»

ጠይቃለች። እውነት ነው።

«ሐሙስ የዳሰስከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ያኔም ለቀቅ ያለ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ዓይኑ አያይም፤ ምን ይደረግ።»

«እንዴት እንደዳሰስክ አሳየኝ።»

ቀኝ እጁን ዘረጋ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ አምፖል እንደሚፈታ ሰው ጣቶቹን ገጠመ። «እንዲህ። ኮፒሊያው ጣቴን ወጋኝ።»

መርማሪዋ ቃሉን አልጻፈችም። ማስታወሻዋ ላይ እጁን ሣለችው።

ሰኞ ጠዋት የጋራዡ እሽግ ተከፈተ። ሚስትዮዋ፣ ወንድምየው፣ የትራፊክ ፖሊሱ ቆመዋል። ዳሳሹን በካቴና አምጥተው በገዛ መሥሪያ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጡት። መርማሪዋ ዳዶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይህ የተገኘው ከግቢው በር ስድሳ እርምጃ ላይ ነው» አለች። «ዓርብ ማታ መኪናው ከዚህ እስከ ቤቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ሄዷል። ዳዶው ዓርብ ላልቶ ቢሆን ያን መንገድ አይችልም። ስለዚህ የተፈታው መኪናው ግቢ ገብቶ ካደረ በኋላ ነው። ቅዳሜ ሲወጣ በጥቂት ክር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ወዲያው ወደቀ። የዘንጉ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ ተጣብቆ ጥቂት ይቆያል። እስከ መታጠፊያው ቆየ።»

«ሌላ ሰው አጥር ዘሎ ቢሆንስ?» አለ የትራፊክ ፖሊሱ።

«የግቢው ውሻ ትናንት ሱሪህን የቀደደው አንተ የቤት ሰው ስላልሆንክ ነው። ያን ማታ ግን አልጮኸም፤ ጎረቤት ጠይቄያለሁ። ግቢው ውስጥ ከሟቹ ሌላ ያደሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሁለቱ አልተያዩም።

«ሌላ መኪና ቢሆን በክሪክ መነሳት ነበረበት፤ ድምፅ አለው። ይህኛው ግን አያስፈልገውም። ማንም ሰው ተንሸራቶ ይገባል። ሟቹ ለኩራቱ ያነሳው ከፍታ ለገዳዩ በር ሆነው።» ወደ ሚስትዮዋ ዞረች። «ዓርብ እንዴት እንደዳሰስሽ አሳይን።»

ሚስትዮዋ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ገጠመች።

«አንተም አሳየን።»

ወንድምየው በቤቱ እንዳሳየው አሳየ። ሁለቱ እጆች አንድ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ዳዶው የት ነበር?»

«ከላይ።»

«ሐሙስ የዳሰሰ ሰው እጁ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌው የታሰሩ እጆቹን አነሳ። በአየር ላይ የማይታይ ዘንግ ተሻገረና ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች ጫናቸው። «እንዲህ ነው። ከሥር ቢሞክር ዘንጉን እንጂ ዳዶውን አያገኝም። ከሥር የሆነው ዓርብ ነው።»

ወንድምየው ገና የተዘረጋ እጁን የሰው እጅ እንደሚያይ አየው።

«ዓርብ ካባ ላይ ነበርክ» አለች መርማሪዋ። «የነገረህም የለም። ከዚያ ወዲህ ከመኪናው ሥር ካልገባህ፣ እጅህ ከየት አወቀ?»

እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የትራፊክ ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። የወጣችው ግን ኮፒሊያዋ ናት፤ ዳዶው አጠገብ አስቀመጣት።

«ሐሙስ ከሥሩ ተኝቼ ሳለሁ ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ» አለ፤ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወራ። «ጥሩምባውን ነፋ። መንቀሳቀስ አቃተኝ። ቶሎ ውጣ አለኝ። ‹በእናንተ ቤት ከዚህ መኪና ሥር መተኛት ልማድ ሆኗል› አለኝ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ቅዳሜ እኔም አብሬው እንደምሄድ ታውቅ ነበር» አለች ሚስትዮዋ።

«አውቅ ነበር።»

«ምን አደረግኩህ?»

«ሐሙስ ጋቢና ተቀምጠሽ ፈገግ ብለሻል።»

«ባልል ኖሮ ከንፈሬ ሐሙስ ማታ ነበር የሚፈነዳው።»

የትራፊክ ፖሊሱ ካቴናውን ከሽማግሌው ፈትቶ ወንድምየውን አሰረበት። ዳሳሹ የእጁን አንጓ እያሸ ተጠጋው።

«ለምን ልታስፈርድብኝ ፈለግክ፣ ልጄ? እዚያው እስር ቤት ነበር የምሞተው።»

«ጋሼ፣ እርስዎም ስቀዋል።»

«ደንበኛ ሲስቅ...» አለ ሽማግሌው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ መጣ፤ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና ይዞ ነው። ዳሳሹ ሠርቶ ሲጨርስ ደንበኛው ካርቶን አነጠፈና እየሳቀ ከሥር ገባ። «ያልዳሰሰ አይነዳም አይደል፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ወደ ጋቢናው አጎነበሰና የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ቀስ ብለህ ዳስስ» አለ። «አለሁ።»