አንቴናውን ያወረድኩባት እሑድ

እኔ እንዲህ ባለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ የማይሠራ ዕቃ ሁሉ የተቃጠለ ወይ የተበጠሰ ነገር እንዳለው በእጄ አውቃለሁ፣ ሰው ስለ መንፈስ ሲያወራ «ፊውዙን አይታችሁታል?» ብዬ የምቀልድ ነኝ። ደግሞም የምነግራችሁ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነገር ነው፣ ሌሊት ቢሆንማ እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነው ብዬ በተገላገልኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ የአማተር ሬዲዮ፣ ማለት ከቤት ሆኖ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የመገናኛ ሬዲዮ፣ ፈቃድ አውጥቼ ነበር። አፓርታማችን ውጭ ሽቦ መስቀል ስለሚከለክል ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ከመብራት ገመድ የሚታጠፍ አንቴና ሠርቼ ፓርክ እየወሰድኩ እተክላለሁ፣ የሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ «ዓሣው የታለ?» እያለ ያሾፍብኛል። እንደኔው ሬዲዮ የሚወዱት ሽማግሌው ወዳጄ ጋሽ ታፈሰ ግን ከእኛ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ የራሳቸው ጓሮ ስላላቸው ከጭስ ማውጫው እስከ ትልቁ ዛፍ ድረስ ረጅም የመዳብ ሽቦ ወጥረዋል፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። የድሮ ጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ናቸው፣ ናይሮቢ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ደምሴም እንደዚያው፣ እና ሁለቱ ስልክ እያለ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚመታው የሬዲዮ ፊደል ነው የሚገናኙት፣ ያውም በድሮው የአማርኛ ሞርስ። እኔ ለፈቃዱ ብዬ የተማርኩት የእንግሊዝኛውን ስለሆነ አንድ ፊደል አይገባኝም፣ የደምሴን እጅ ግን ከጋሽ ታፈሰ ጋር ተቀምጬ ስሰማ ስለኖርኩ እለያለሁ። ሞርስ የሚመታ ሰው እንደ እጅ ጽሑፍ የራሱ አመታት አለው፣ ደምሴ ረጅሟን ድምፅ ይጎትታታል፣ የሰለቸው ሰው ነው የሚመስለው።

አንድ ቅዳሜ ሱቅ ሳለሁ የጋሽ ታፈሰ ልጅ ሰናይት ከምትኖርበት ከጀርመንታውን ከተማ ደወለችልኝ።

«ሰለሞን፣ አጎቴ ደምሴ ሞተ። ትናንት ነው። ባባ አልሰማም።»

«መቼ ልታረዷቸው ነው?»

«ሰኞ፣ ጎሕ ሳይቀድ። ሰንዴይ ግማሹ ሰው ወርክ ነው፣ አክስቶቼም ገና አልመጡም። ግን ነገ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ሌላ የናይሮቢ ሰው ገብቶ ቢነግረውስ? ብቻውን ነው፣ ሰርጀሪ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ልቡን ታውቃለህ። ፕሊስ፣ አንድ ነገር አበላሽልኝ።»

በስልክ መርዶ አይነገርም፣ በሬዲዮማ እንዴት ተብሎ! እሺ አልኳት።

በማግስቱ አዲስ ሽቦ ጠቅልዬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ መዳብዎ አረንጓዴ ሆኗል፣ ልቀይርልዎ» አልኳቸው።

«ዛሬ? ደምሴ ይጠብቀኛል እኮ!»

«ዛሬን ይቅር ይልዎታል» አልኩ፣ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እሳቸው ግን ሳቁና «ካላደረስክልኝ ወየውልህ» ብለው ሬዲዮው ፊት ተቀመጡ፣ ልማድ ነዋ፣ አንቴና ኖረም አልኖረም ያቺን ሰዓት ሳይከፍቱ አያርፉም። እኔም መሰኪያውን ልቀይረው ብዬ ከሬዲዮው ጀርባ የሚገባውን ገመድ ነቅዬ በመስኮት ወደ ውጭ ወረወርኩት፣ ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ ሽቦውን አወረድኩና ሣሩ ላይ መጠቅለል ጀመርኩ።

ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ በመስኮቱ ጢጥ ጢጥ የሚል ሰማሁ። መጀመሪያ የሞርስ መምቻዋን ቁልፍ እየመቱ ይለማመዳሉ አልኩ። ቀጥሎ አንዷ ረጅም ድምፅ ስትጎተት ሰማሁና እጄ ላይ ያለው ሽቦ ቀዘቀዘኝ፣ እመኑኝ፣ ፀሐይ ሲሞቀው የዋለ ሽቦ ነው።

ገባሁ። ጋሽ ታፈሰ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ቁልፏን ማንም አልነካትም፣ ድምፁ ከሬዲዮው ነው የሚወጣው። የሬዲዮው የድምፅ መለኪያ መርፌ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ብድግ ትላለች። ዞሬ ጀርባውን አየሁ፣ የገመዱ መግቢያ ባዶ ነው፣ ጣቴን ከትቼ ነካሁት። ሬዲዮ ያለ አንቴና ከቅርብ የመጣ ጠንካራ ድምፅ ሊይዝ ይችላል፣ ይህን አውቃለሁ፣ ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአማርኛ ሞርስ የሚመታ ሌላ ማን ነው? የደምሴ እጅ ያለውስ?

ድምፁ ቆመ። ጋሽ ታፈሰ ሬዲዮውን አጠፉና ሳያዩኝ፣ «እነማን ናቸው ነገ የሚመጡት?» አሉኝ።

«የት ጋሼ?»

«ተው አንተ ልጅ። ለሰናይት ደውልላት። በሌሊት ብርድ እነዚያን አሮጊቶች አታንከራትቺ በላት፣ ዛሬ ይምጡ።» ይህን ብለው «ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ፈርቼ ይሁን አዝኜ አላውቅም። ልባቸው ግን ቻለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሰናይት እስከ ዛሬ የነገርኳቸው እኔ ይመስላታል። ማልኩላት፣ «እሺ፣ ኦኬ» አለች፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ሲበላሽባት ሌላ ሰው ጋ ነው የምትወስደው። ሰው በስልክ ነግሯቸው ይሆናል የሚል አለ፣ ቀድሞ ልባቸው ነግሯቸው የሰሙ መስሏቸው ነው የሚልም አለ፣ እኔም ለራሴ ይህንኑ እላለሁ፣ ብቻ እኔም ሰምቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ጋብ ሲል አጠገባቸው ተቀመጥኩና ደምሴ በሬዲዮው ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«የቤት የቤታችንን ነው» አሉ። «መጨረሻ ላይ ግን፣ ሽቦውን ያወረደውን ልጅ እንዳትቆጣው አለኝ።»

ይህን ለሰናይት አልነገርኳትም። ሱቅ ውስጥ ገመዱ የተነቀለ ቴሌቪዥን ካለ ግን እስካሁን ጀርባዬን ሰጥቼው አልሠራም።