የሉሃም የመዳብ ቆብ

በዘርሃን ሰማይ ሁለት ፀሐይ በወጣበት ማለዳ ንጉሥ ኦርጋድ ከሰገነቱ ሆኖ አወጀ፦ «ሰማይ የተቆጣን በመካከላችን በተደበቁ ሕመምተኛ ልጆች ነው። ነገ ሉሃም ይለያቸው! የተለዩትም ግንባራቸው በጋለ ብረት ተተኩሶ ወደ ጨው ሸለቆ ይጣሉ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሕዝብ መቼም የራሱ ልጅ እስኪነካ ማጨብጨብ አይሰለቸውም።

ሉሃም ባለ ሦስት ጆሮ ነጭ አውሬ ነው። በሰው ደረትና ደም ውስጥ ያደፈጠ ሕመም ይሰማዋል፤ ሲሰማውም ከሰውዬው ፊት ቁጭ ብሎ ያላዝናል። በአዋቂዎች መሀል ሲያልፍ ግን ጆሮዎቹን የሚደፍን የመዳብ ቆብ ይደፉበታል፤ ቆቡ የሚወልቀው ልጆቹ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው።

ናርዲት አላጨበጨበችም። የትንሽ እህቷ የሰሊን ደረት ብርድ በመጣ ቁጥር እያፏጨ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ይህን ከእሷና ከጓደኛዋ ከደርሚያ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ቆቡን እናጥፋው» አለች ናርዲት። «እስቲ በመኳንንቱ መሀል ባዶ ራሱን ይለፍ።»

«አንቺ እኮ ለይቶልሻል» አለች ገመድ መግመድ ሥራዋ የሆነው ደርሚያ። «ሉሃም የታሰረበትን ግንብ እንደ ድመት የምወጣው እኔ፤ አንቺን እንደ ጆንያ ልጎትትሽ ነው?»

እጃቸውን እሳት ላይ ዘርግተው ማሉ፦ «ሰሊን ሳትተርፍ ወደ ኋላ ብል ስሜ ከዘርሃን ይጥፋ።»

ጎህ ሲቀድ ግንቡ አናት ላይ ደረሱ። በሰንሰለት የታሰረው ሉሃም ደርሚያን ሲያይ ተነሣ፤ ፊቷ ቁጭ ብሎ ማላዘን ጀመረ።

«ዝም አሰኚው፣ ጠባቂዎቹ ሊነቁብን ነው» አለች ደርሚያ። «ደግሞ እኔን ምን አገኘብኝ? እንደ በሬ የምበላ ሰው።»

ናርዲት መቀነቷን ፈትታ አፉን ጥርቅም አድርጋ አሰረችው፤ ቆቡንም ገደል ወረወረችው። ደርሚያ ወደ ገመዱ ስትሄድ አውሬው ቀሚሷን በጥፍሩ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። በእግሯ ገፋችውና ወረደች። እኩሌታው ላይ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ እጇ ገመዱን ለቀቀ። ከታች ድንጋይ ነበር።

ናርዲት ያን ጊዜ ገባት። አውሬው ሲያላዝን ሊያስጠነቅቅ ነበር። ዘርሃን ግን ዘመኑን ሁሉ ክስ አድርጎ ሰማው። መቀነቱን ፈታችለት፤ ከዚያ በጓደኛዋ ሬሳ አጠገብ ወርዳ ወደ አደባባዩ ሄደች።

ቆቡ ጠፋ ሲባል ንጉሡ ሆዱን እየደባበሰ «ምን ቸገረን፣ አምጡት» አለ። ሉሃም ብረት ከሚያግለው ሰውዬ ፊት ቁጭ አለ። ቀጥሎ ከዳኛው ፊት። ቀጥሎ ከራሱ ከንጉሡ ፊት ሄዶ አላዘነ።

«ግርማዊ ሆይ» አለች ናርዲት፣ «ሕጉ ይፈጸም። ከማን ግንባር እንጀምር?»

ንጉሡ የጋለውን ብረት አየና «ውኃ ውስጥ ክተቱት» አለ። ሕጉም በዚያው ተሻረ። ከዚያ ወዲያ ሉሃም የጮኸለትን ልጅ ብቻውን የሚተው እንዳይኖር ታወጀ።

ናርዲትና ሕዝቡ ከአደባባዩ ሲመለሱ፣ ከግንቡ ሥር ባለው ቤቷ የደርሚያ እናት በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«አውሬው ለልጄ ጮኾላት ነበር?»

«ጮኾላት ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ እዚሁ ሆኜ ምነው ሳልሰማው?»

«አፉን አሰርኩት።»

ሴትዮዋ በሰው ትከሻ ላይ ሆና የምትስቀውን ሰሊንን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ትኑርልሽ» አለችና በሩን ዘጋች።