ስለ ውሻ ያልሆነው ዘፈን

ሄልሚ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ታይካ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። የክረምቱን ወፍራም ብርድ ልብስ በሳውናው፣ በቤቱ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀለች ነበር።

«ሰላም አይባልም?» አለች ሄልሚ።

«በሩን ዝጊው።»

ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ለመቅዳት የሚመቸው ሳውናው ነው። እንጨቱ ላይ ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ድምፅ አያስተጋባም፤ ማይኩን ላይኛው መደብ ላይ፣ ላፕቶፑን ታችኛው ላይ አስቀምጦ መቅዳት ነው። ችግሩ ዛሬ ቅዳሜ መሆኑ ነው። የታይካ አባት ቅዳሜ ሳውናውን ሳያሞቅ ቀርቶ አያውቅም። በክረምት የከተማቸውን የኩኦፒዮን በረዶ፣ አሁን በፀደይ ደግሞ ሰው እንዳያዳልጠው በረዶው ላይ ተበትኖ የከረመውን ጠጠር ከየመንገዱ ሲጠርግ ይውላል፤ ሥራው ምንም ቢሆን ቅዳሜ ያው ቅዳሜ ነው። ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ያሞቃል።

«አባትሽ ሳይመጣ ቶሎ እንጀምር» አለች ሄልሚ ማዳመጫውን እያነሳች። «እስከ ነገ ካልላክንለት ያርኮ ለትምህርት መዝጊያው በዓል አያደርሰውም።»

«የቱን ዘፈን? ስለ ውሻሽ የጻፍሽውን?»

ሄልሚ ማዳመጫውን መልሳ አስቀመጠችው።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራቸው ያርኮ የሙከራ ቅጂውን ለክፍሉ አሰማ። የሄልሚ ድምፅ

በሩን ስከፍተው ማንም አይመጣም፣
ያ ድምፅሽ ከቤቱ ገና አልወጣም

ሲል፣ ሁልጊዜ የሚንጫጫው ክፍል ጭጭ አለ። «ማን ነው የጻፈው?» አለ ያርኮ። ታይካ ጠረጴዛዋን አየች። ደግሞ ጠየቀ። አሁንም ጠረጴዛዋን አየች። በእነሱ አገር ሰው ከጎረቤቱ ጋር ራቁቱን ሳውና ውስጥ ሲቀመጥ ቅንጣት አያፍርም፤ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት ግን ሞቱ ነው። ታይካም ከአባቷ የተማረችው ይህንኑ ነው፤ ሥራሽን ሥሪ፣ አፍሽን ዝጊ፣ ሰው ራሱ ይየው። ሰው ግን አላየም። ሄልሚ «እኔ ነኝ» አለች። «ስለ ማን ነው?» ሲላትም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ስለ ሞተችው ውሻዬ» ብላ መለሰች።

ሁለት ልጆች እንባቸውን ጠረጉ። ለውሻ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ሄልሚ አሁን። «ሁለቴ ጠየቀ እኮ። አንቺ አፍሽን ለጉመሽ ቁጭ አልሽ። እኔም ዝም ብል ያርኮ ትቶት ያልፍ ነበር።»

«‹የታይካ ነው› ማለት ያንቃል?»

«ከዚያስ? ስለ ማን ነው ሲልሽ ምን ልትዪው ነበር? እናቴ ጥላን ኖርዌይ ሄደች ልትዪ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እኔ እኮ ሸፈንኩልሽ።»

«ሙድ አትያዢብኝ፣ ሄልሚ። እናቴን ውሻ አድርገሽ ሸፈንኩልሽ ትያለሽ?» ታይካን ማልቀስ አልነበረም ያማራት፤ መማታት ነበር። «ክረምቱን ሙሉ እዚህ መደብ ላይ ስጽፍ ስሰርዝ፣ አንቺ አጠገቤ ተጋድመሽ ስልክሽን ስትነካኪ ነበርሽ።»

ሄልሚ ጣቶቿን አየች። «ደስ አለኝ» አለች። «ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ደስ አለኝ፤ በቃ። ሼም እንደሆነ አውቃለሁ።»

ይህ ደግሞ ታይካን ይበልጥ አበሸቃት። እንደዋሸች ብትቀጥል መጥላቱ ይቀል ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የውሸቱ መመቸት ነው። ዘፈኑ የውሻዋ ሆኖ ቢቀር አባቷ በበዓሉ ቀን ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ያጨበጭባል፤ ወደ ቤት ሲመለሱም እንደተለመደው ስለ ጠጠር ያወራሉ። የታይካ ነው ከተባለ ግን ስለ ማን እንደሆነ ያውቃል። እናቷ በመስከረም ከሄደች ወዲህ ስሟ በዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም። እሱ ለእሷ የተጠነቀቀ ይመስለዋል፣ እሷም ለእሱ፤ ሁለቱም በየክፍላቸው ይታመማሉ። ታይካ በሁሉም ተናደደች፤ በሄልሚ፣ በእናቷ፣ በአባቷ፣ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ባየችው በራሷም።

በሩ ተንኳኳ።

«ምድጃውን ላብራው ነው» አለ የአባቷ ድምፅ።

ሄልሚ ብርድ ልብሱን ለማውረድ እጇን ዘረጋች። ታይካ እጇን ያዘቻት።

«አባዬ፣ ዛሬ ይቆይ።»

በሩ ተከፈተ። አባቷ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብርድ ልብሱን አየ፣ ማይኩን አየ፣ ሄልሚን አየ።

«ቅዳሜ ነው እኮ» አለ፣ ምናልባት ረስታው ይሆናል ብሎ።

«አውቃለሁ። ዘፈን እየቀዳሁ ነው። የራሴ ዘፈን ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ንዴቱ ገፋት። «ስለ እማዬ ነው።»

አባቷ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው። ፈትቶ እንደገና አጠፈው።

«ረጅም ነው?»

«አይደለም።»

ራሱን በእሺታ ነቅንቆ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ልሂድ?» አለች ሄልሚ።

«እንደፈለግሽ። ዛሬ የምዘፍነው እኔ ነኝ። ሰኞ ለያርኮ የምትነግሪው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ በክፍሉ ፊት፣ የውሻዋንም ነገር ጨምረሽ።»

«ድምፅሽ ግን...»

«ያስጠላል። አውቃለሁ።»

ሄልሚ ታችኛው መደብ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫውን አጠለቀችና ፊቷን አጨማደደች። «የሆነ ነገር እዝዝ ይላል። ፍሪጁ መሰለኝ።»

ታይካ ፍሪጁን ልታጠፋ ስትነሳ እዝዝታው ቀጥ አለ። ቀጥሎ የሳሎኑ ሬዲዮ ዝም አለ። ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው እያቃሰተ ቆመ። አባቷ በካልሲው እየዞረ የቤቱን ድምፅ አንድ በአንድ እያጠፋ ነበር።

ታይካ ማይኩን ወደ ራሷ አስጠጋችው። ሄልሚ መቅጃውን ነካች።

«ቃልና ዜማ፣ ታይካ ኬቶላ» አለች፣ ከበሩ ወዲያ ላለውም እንዲሰማ ጮክ ብላ።