የአሥራ አራተኛው ጉድጓድ ክዳን

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ የጠረጴዛዋን ስልክ ገመድ እየፈታች ነበር። በጥምዝ ላይ ጥምዝ የደረበውን ገመድ በእስክሪብቶ ጫፍ ትለያለች፤ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይቋጠራል። ግማሹ ላይ ስትደርስ ስልኩ ጮኸ። እሑድ ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት።

«ሀና ማርያም፣ ለፋይበር የተቆፈረው መንገድ ላይ ነኝ» አለ የዕቃ ጠባቂው ሮበሌ። «የአቶ መኩሪያ መኪና ቆሟል። ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ግን የለም።»

«ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይሆናል። ምን አስፈራህ?»

«መኪናው የቆመው አሥራ አራተኛው ጉድጓድ አጠገብ ነው፣ ኢንስፔክተር። ያ ጉድጓድ ሰው በልቶ ያውቃል።»

ስትደርስ ክብ የብረት ክዳኑ ተገጥሞ ብሎኑ ጠብቋል። ፖሊሶቹ ሊያነሱት ሲሉ አስቆመቻቸውና ደብተሯን አውጥታ ሣለችው፤ ብሎኑን፣ ጭረቱን፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸችውንና ወደ ላፍቶ የምታመለክተውን ትንሽ ቀስት።

«ሰው ጠፍቶ ሥዕል?» አለ ሮበሌ በሹክሹክታ።

«ከተነሳ በኋላ እንደነበረ አይመለስማ።»

ክዳኑ ተነሣ። መኩሪያ በአካባቢው ፋይበር የሚዘረጋው ተቋራጭ ድርጅት የሥራ አለቃ ነበር። በማግስቱ በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የሰፈሩ የመጨረሻ የኮፐር ስልክ ተቆርጦ ፋይበሩ ሊበራ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። አሁን ግን መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ሞቷል። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ሥራቸው የክዳኑ ዝገት ገብቷል። የመታው ነገር የለም። ታፍኖ ነው የሞተው።

«አደጋ ይሆን?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ክዳን ከላይ አይቆልፍም።»

ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ የተጣለ የመሣሪያ ቦርሳ ነበር፤ ብሎን መፍቻው ከላይ ተቀምጧል። ቦርሳው ላይ «ከድር» የሚል ተጽፏል። ሳይመሽ ከድርን ከመካኒሳ አቦ ይዘው አመጡት፤ አለቃዋም «አርባ ሰዓት ያህል አለሽ» አላት። «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለእኔ ነገሩ አልቋል።»

ከድር ፋይበር የሚቀጥል ባለሙያ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ሰኞ ጠዋት ፊቷ ሲቀመጥ ጣቶቹን ጭኖቹ ሥር ደበቃቸው።

«ዓርብ ዕለት መኩሪያን ምን አልከው?»

«‹አንድ ቀን እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ትቀበራለህ› አልኩት።»

«ከዚህ የከፋ ነገር አጥተህ ነው?»

«እሱ ቀድሞ በጥፊ መታኝ እኮ! የአየር መንፊያው ማሽን ካልመጣ አልወርድም ስላልኩት። ቦርሳዬን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። ኢንስፔክተር፣ ክርስቲያን የሚባለው ጓደኛዬ አምና እዚያ ነው የሞተው። አየሩ መጥፎ ነው። ወረደ፣ አልወጣም።»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። ‹የጉድጓዱ አየር ችግር የለበትም፤ ሟች ያለ ፈቃድ ወርዷል› ይላል።»

«መኩሪያ ጻፈው፣ ምክትሉ ኢንጂነር ማኑሄ እማኝ ሆኖ ፈረመበት። መኩሪያ ክርስቲያንን ‹ውረድ፣ አንተ ፈሪ!› ሲለው እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ማን ጠየቀኝ?»

በሩ ተንኳኳ፤ ስንቅ መጥቷል። ያመጡት ሴት ደጅ ላይ ቆመዋል፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወገባቸው ላይ የድሮ የመስመር መፈተሻ ስልክ ከነገመዱ ያንጠለጠሉ። ተናኘወርቅ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የኮፐር መስመር ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። የክርስቲያን እናት።

«ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ ልጁ ሳይሳቀቅ ይብላ» አሉ። «ትናንትም ማታ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ መኩሪያን ይጠሉት ነበር?»

«ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም እለው ነበር።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁት።»

«መልሱ ግን እሱ ነው፣ ልጄ።»

ከሰዓት በፊት የሟች የስልክ ዝርዝር ደረሳት። ለመጨረሻ ጊዜ የተደወለለት እሑድ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ዙሌካ ከምትባል ባለሱቅ መደበኛ ስልክ። ፀሐይወርቅ ወደ ሱቁ ሄደች።

«እኔ?» አለች ዙሌካ ከስኳሩ ጆንያ ቀና ብላ። «እሑድ ቡታጅራ ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ እህቴ። ሱቁም ዝግ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ደግሞ በየትኛው ስልክ ልደውል? ነይ፣ አንሺው!»

ፀሐይወርቅ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምፅ የለም፤ ድንጋይ ነው።

«ስካቫተሩ ገመዱን ከበጠሰው አራት ወሩ። ለመኩሪያ በየቀኑ በሞባይል እደውል ነበር። ‹ሰኞ ይስተካከላል› ይለኝ ነበር። የእሱ ሰኞ መች ነጋ! እትዬ ተናኜ ብቻ መጥተው አዩልኝ። ‹እስከ ካቢኔው ነፍስ አለው፤ ከካቢኔው ወዲህ ነው የሞተው› አሉኝ።»

ካቢኔ የሚሉት መንገድ ዳር የቆመውን ግራጫ ሳጥን ነው፤ የሰፈሩ የኮፐር ሽቦዎች እዚያ ተገናኝተው ወደየቤቱ ይበተናሉ። ፀሐይወርቅ ከፍታ አየችው። መቶ ምናምን ጥንድ ሽቦ፣ አንዱም ስም የተጻፈበት የለም።

ኢንጂነር ማኑሄን ላፍቶ አገኘችው፤ የመኩሪያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጋዘኑን አሳየኝ አለችው። ጥግ ላይ አየር መንፊያው ማሽን ቆሟል፤ የፋብሪካው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣለትም።

«ስንት ጊዜ ሠራችሁበት?»

«ጉድጓድ በጉድጓድ እሱን እየጎተትን በቀን የታዘዝነውን ሜትር አንጨርስም» አለ ማኑሄ። «ኢንስፔክተር፣ የነገው ስልክ፣ የነገው ትምህርት፣ የነገው ሕክምና በዚህች በመስታወት ክር ነው የሚሄደው። በአንድ ሰው ሞት አይቆምም።»

«በሁለት» አለች።

ፊቱን አዞረ።

«ከኮፐር ካቢኔ ላይ ስልክ መደወል ትችላለህ?»

«እኔ የተማርኩት ብርሃን የሚሄድበትን ፋይበር ነው። የትኛው ሽቦ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

ስትመለስ መኪናዋን ትታ በእግሯ ሄደች። ዓይኗ መሬት መሬቱን ነው። ፋይበር ዘርጊዎቹ የከፈቷቸው ክዳኖች ቀስታቸው እንደወደቀበት ነው፤ አንዱ ወደ ቦዩ፣ ሌላው ወደ አጥሩ፣ አንዱ ወደ ሰማይ ቢሆን የሚመርጥ ይመስላል። ለዓመታት ያልተነኩት፣ ዙሪያቸውን ሣር የበቀለባቸው የድሮ ክዳኖች ግን ሁሉም አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ላፍቶ ያለውን የስልክ ማዕከል። ፀሐይወርቅ ደብተሯን ገልጣ የእሑዱን ሥዕል አየች። ረጅም ጊዜ አየችው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ከድር በካቴና፣ ማኑሄ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ዙሌካ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅም የምሳ ዕቃ ይዘው። ፍርድ ቤቱ ሊከፈት አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

«ለመዝገብ ነው» አለች። «ይህን ክዳን አንድ ሰው ብቻውን መግጠም ይችል እንደሆነ ልይ። በማንሻው ብረት ሞክሩልኝ።»

ከድር ካቴናው ተፈታለትና ገፍቶ ለቀቀው። ዷ! ቀስቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረች። ማኑሄ ጫማውን እየጠበቀ በእግሩ ገፋው፤ ቀስቷ ወደ ቦዩ ዞረች። ዙሌካ ብረቱን ማንቀሳቀስ እንኳ አቃታት፤ «ለዚህ ስትል ሱቄን አስዘጋችኝ!» አለች።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ የምሳ ዕቃውን አስቀመጡ። ማንሻውን ከቀዳዳው አስገቡ፣ ክዳኑን አንሸራተቱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ አወረዱት። ከዚያ ብረቱን እንደያዙ ክዳኑን ሩብ ዙር አዞሩት፤ ቀስቷ ላፍቶን እስክታይ። ወገባቸውን አቃንተው ሲቆሙ የሁሉም ዓይን እጃቸው ላይ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን አዩት።

«አሁን ልናገር» አለች ፀሐይወርቅ። «መኩሪያን የጠራው የዙሌካ ቁጥር ነው። የዙሌካ ስልክ ግን ሱቁ ውስጥ ሞቷል፤ ነፍስ ያለው እስከ ካቢኔው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የደወለው ሰው ካቢኔው ጋ ቆሞ፣ ከመቶ ሽቦ የዙሌካን ለይቶ፣ የመፈተሻ ስልክ የሰካበት ነው። ከድርና ማኑሄ ሽቦውን አያውቁትም። ዙሌካ ቡታጅራ ነበረች። ሁለተኛ፣ ይህን ጉድጓድ ዓርብ የከፈቱት የከድር ባልደረቦች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ክዳን ጥለው ነው የሚሄዱት። እሑድ ስደርስ ግን ቀስቷ ማዕከሉን ታይ ነበር። ይህን የሚያደርገው የኮፐር ሰው ነው። ሦስተኛው ምሳው ነው። ዘመድ ላልሆነ እስረኛ በቀን ሁለት ጊዜ ስንቅ የሚያመላልስ ሰው፣ ወይ እጅግ ደግ ነው፣ ወይ ሸክም አለበት።»

«እንዲህ ነው የተማርነው» አሉ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው። «ክዳን ስትገጥም ቀስቷን ወደ ማዕከሉ አዙር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መስመሩ ወደየት እንደሚገባ ይወቅ። እጄ ልማዱን አልረሳ አለ።»

«እትዬ ተናኜ!» አለ ከድር።

«‹ኮፐር አለቀለት፣ ልጄ፣ የነገው እንጀራ ብርሃኑ ላይ ነው› ብዬ ክርስቲያንን እዚያ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ ወደ ማኑሄ እያዩ። «ፈሪ ብላችሁ አወረዳችሁት፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ባለጌ አደረጋችሁት፣ ያለ ፈቃድ ወረደ ብላችሁ። እኔም ዓመት ጠበቅሁ። ፋይበሩ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው ክዳኑን ከፍቼ ደወልኩ። ‹አሥራ አራት ውስጥ ሰው ገብቶ ገመድዎን እየቆረጠ ነው› አልኩት። እየሮጠ መጣ። አልገፋሁትም፤ አልነካሁትም። አየሩ ችግር የለበትም ብሎ በእጁ ጽፎ የለ? ራሱ ጽፎ ራሱ ወረደ። እኔ ክዳኑን ገጠምኩ።»

«ምን ያህል ቆዩ?» አለች ፀሐይወርቅ።

«ማንኳኳቱ እስኪያልቅ። ቅዳሴ እየወጣ ነበር።»

ዙሌካ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ከድርን እንደሚይዙት አላሰብኩም። ቦርሳው እዚያ ነበር፤ መፍቻውን አነሣሁ፣ መለስኩ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ታገኙኝ ነበር።»

ፀሐይወርቅ አመነችም አላመነችም አልታወቀም። ካቴናውን ከፖሊሱ ተቀብላ ራሷ አሠረችላቸው፤ ሳታጠብቅ።

«ምሳህን ብላ» አሉት ከድርን። «ይቀዘቅዛል።»

ማኑሄ ሰዓቱን አይቶ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

«ኢንጂነር!» አለች ፀሐይወርቅ። «መኪናህ ትቆይ፤ ከእኛ ጋር ነህ። የአምናው መዝገብ እንደገና ተከፍቷል። ፕላስቲኩ ያልተነሣለት ማሽን ከትናንት ጀምሮ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ‹ያለ ፈቃድ ወረደ› ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ ያንተ ነው። ምስክሩ ደግሞ» ወደ ከድር አመለከተች፣ «ዛሬ ተፈትቷል።»

ማኑሄ የመኪናውን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከልጃቸው ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ሁሉ ረጅም አየር ሳቡ።

«ከመጀመሪያው እንዲህ ብታደርጉት ኖሮ» አሏት፣ «እኔ ዛሬ ሥራዬ ላይ ነበርኩ።»



ቢሮዋ ስትመለስ አዲሱ የፋይበር ስልክ በካርቶን መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። አልከፈተችውም። የአምናውን መዝገብ አወጣች፤ «የሞቱ ምክንያት» ከሚለው ጎን «በሟች ጥፋት» የሚል አለ። ከሥሩ «እንደገና በምርመራ ላይ» ብላ ጽፋ ቀኑን አስገባችና ፈረመች። ከዚያ የድሮውን ስልክ ወደ ራሷ ሳበች። የቀሩትን ቋጠሮዎች በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታች። የመጨረሻው ሲለቅ ገመዱ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ከግድግዳው ነቀለችው፣ በስልኩ ዙሪያ በሥርዓት ጠመጠመችው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።