ሁለተኛው ኮባ

ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን ልጅቷን በራሴ ሚኒባስ ወስጄ በራሴ ሚኒባስ የመለስኳት ሰው ነኝ። የሰው ወሬ እየቃረምኩ አይደለም የምነግራችሁ።

ደግሞ «ሌሊት ነበር፣ ጅብ ይጮህ ነበር» የሚል ነገር የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። ሁሉም ነገር የሆነው በጠራራ ቀን ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ሰው ሁሉ ምሳ በሚበላበት ሰዓት።

አሚኑ እባላለሁ። የቡታጅራ ልጅ፣ ሹፌር ነኝ። ሳቢሪን ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት። አሁን እንዴት ናት ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

ሳቢሪንን ብታውቋት ዝምተኛ ናት። በትምህርቷ አንደኛ፣ በጨዋታ ግን የመጨረሻ። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ የምትደነግጥ ዓይነት። እቤት እኔ ስቀልድባት ብቻ ነው ጥርሷ የሚታየው።

ባለፈው ነሐሴ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቸሃ በሚወስደው መንገድ ላይ የወጣቶች ካምፕ ተዘጋጀ። ስለ ዜግነት፣ ስለ መብትና ግዴታ የሚማሩበት ነው። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከጅቡቲ፣ ከሩዋንዳ ተማሪዎች መጡ። ከቡታጅራ በድርሰት ተወዳድራ ያለፈችው ሳቢሪን ብቻ ነበረች።

ስወስዳት መንገድ ላይ ጥንድ የዶቃ አምባር አሳየችኝ። ራሷ ናት የሰራችው።

«አንዱ የኔ ነው» አለችኝ እጇ ላይ እያጠለቀችው። «ሌላውን እዚያ ለማገኛት ጓደኛ እሰጣታለሁ። አጎቴ፣ ጓደኛ ሳልይዝ አልመለስም።»

አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጓደኛ ይዛ እቤት መጥታ አታውቅም። ወላሂ አንጀቴን በላችው።

ካምፑ ውስጥ «እንግዶቹ የአገሩን ወግ ይዩ» ተብሎ ምሳ የሚቀርበው በሳህን አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ጅባ የሚባለው ምንጣፍ ይነጠፍና ሁሉም መሬት ይቀመጣል። በሩ ላይ ታጥቦ የተከመረ ኮባ አለ፤ ያው የእንሰት ቅጠል ነው። እያንዳንዱ ከዚያ አንስቶ ፊቱ ይዘረጋል። እትዬ ከድጄ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ አይቡን ይዘው እየዞሩ ያድላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ተግባብተው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ሳቢሪን እንግሊዝኛውን ትሰማዋለች። መልሱም አፏ ላይ አለ። ግን ቃሉን አስተካክላ እስክታወጣው ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ተቧድኖ ተቀመጠ። እሷ ጥግ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ብቻዋን መሆኑንስ ለምዳዋለች። ሰው ሁሉ እያያት መሆኑ ግን አንገበገባት።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ተነስታ ሁለተኛ ኮባ አመጣችና ከጎኗ ዘረጋች። ሰው የምትጠብቅ ለመምሰል... በቃ ይሄው ነው ጥፋቷ። እኛስ ካፌ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ስልክ የምናወራ እንመስል የለ?

እትዬ ከድጄ ምግቡን ይዘው አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጓደኛዬ... ትመጣለች።»

«ማን ትባላለች?»

ሳቢሪን ምን ትበል? «ትመጣለች» ብቻ አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቢስሚላህ ብለሽ ነው የዘረጋሽው?»

«...ረሳሁት።»

ትንሽ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ኮባውን ሳያዩት፣ ቁራሽ ቆጮና ጎመን ጣል አድርገውበት አለፉ።

ሳቢሪን በልታ ስትጨርስ ዞር ብላ አየች።

ቆጮው ተቆርሷል። ጎመኑ በሥርዓት ከዳር ተጠርጓል።

«ድመት ነው» አለች ለራሷ። እስቲ አሁን ድመት ጎመን ይበላል?

በማግስቱ ሁለተኛ ኮባ ላለመዘርጋት ወሰነች። የራሷን ዘርግታ እጇን ልትታጠብ ወጣች። ስትመለስ...

ሁለት ኮባ።

አዲሱ ገና ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ ከድጄ አዝነውልኝ ነው ብላ በልቧ አመሰገነቻቸው። በነጋታውም እንደዚያው ሆነ። ከዚያም ቀጠለ።

ሌላም ሌላም ነገር መጣ። ግቢ ውስጥ ልጆቹ ወደተቀመጡበት ጠጋ ስትል ፈገግ ብለው ቦታ ይለቁላታል... ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ። እሷም ግራ ይገባትና ተመልሳ ትሄዳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የምክር ቤት ጨዋታ ተጫወቱ። አንዱ ሃሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ እጅ እየተቆጠረ ድምፅ ይሰጣል። ሳቢሪን ጥጓ ላይ ሆና ፈራ ተባ እያለች እጇን አወጣች። የሚቆጥረው የሩዋንዳው ልጅ እሷ ጋ ሲደርስ በጣቱ ጠቆመና...

«ሁለት» ብሎ አለፈ።

ሳቢሪን ወደ ጎኗ አየች። ማንም የለም። ባዶ ጅባ ብቻ።

ስብሰባው ሳያልቅ ወጥታ በቀጥታ ወደ ማድቤት ሮጠች።

«እትዬ ከድጄ... ሁለተኛውን ኮባ በአላህ አይዘርጉልኝ።»

ሴትየዋ ቆጮ የሚቆርጡበትን ቢላ አስቀመጡ።

«እኔ አንድ ቀን ዘርግቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ቀስ ብለሽ አውሪ» አሉ። ዓይናቸውን ከሳቢሪን ፊት አልነቀሉም። ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ላለማየት አንገታቸው ደርቋል። «በእኛ ሰፈር ኮባ የሚዘረጋው ስሙ ለሚታወቅ ሰው ነው። እናቴ ለኛ ለልጆቿ እንኳ ስማችንን እየጠራች ነበር የምትዘረጋልን። አንቺ ግን ስም ሳትጠሪ ዘረጋሽ። ስም ካልተጠራ ማንም ይመጣል።»

«ያስወጡልኝ... በናትዎ።»

«በምን ስም ልሸኛት ልጄ? የጠራሻት አንቺ ነሽ።»

ሳቢሪን ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ከድጄ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

«ስሚኝ። ይሄን ሁሉ ቀን በልታልሻለች። ስለዚህ እሷም በተራዋ ትጠራሻለች፤ ኮባ ትዘረጋልሻለች። ያን ቀን እንዳትቀመጪ። ሆድሽ ቢባባ፣ ብታለቅሺ... እንዳትቀመጪ። ከእጇ የበላሽ እንደሆነ የሷ ነሽ።»

ካምፑ ሊዘጋ የመጨረሻው ምሳ ላይ ነው አኪኒ የመጣችው።

አኪኒ የኬንያ ልጅ ናት። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ካምፑ ሁሉ የሚወዳት። ምግቧን ትታ አዳራሹን አቋርጣ ሳቢሪን ፊት ቆመች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ግን ሁሌ ከጓደኛሽ ጋር ነሽ። ስታንሾካሹኩ ሳይ ላቋርጣችሁ አፈርኩ። ሁላችንም አፍረን ነው።»

ሳቢሪን ልትጎርስ ያነሳችውን ቆጮ መለሰችው።

«የቷ... ጓደኛዬ?»

አኪኒ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። ከጎን ወዳለው ኮባ ዞራ እጇን አወዛወዘች።

«ሃይ!»

ለካ ሁሉም ያያታል። የማታያት ሳቢሪን ብቻ ናት...

«እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አለች አኪኒ፣ በመሀል ልትቀመጥ ጎንበስ ብላ።

«አትቀመጪ!»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ሰው አለበት» አለች ሳቢሪን። «ሂጂ... እባክሽ ሂጂልኝ።»

የአኪኒ ፊት ክው አለ። «ይቅርታ» አለችና አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ሳቢሪን ልጅቷን ላድናት ብላ ነው። ግን እስቲ አስቡት... ጓደኛ ፍለጋ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ የመጣችላትን አንዲት ሰው በገዛ አፏ አባረረች።

አምባሩን እንኳ ሮጣ ልትሰጣት ኪሷን ዳበሰች። የለም። የቀራት እጇ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ልመልሳት ስሄድ መኪና ውስጥ ነው። እያለቀሰች። እኔ ደግሞ ያው አመሌ ነው፣ ቀለድኩ። «ቆጮው ከብዶሽ ነው የምትቃዢው» አልኳት። አልሳቀችም።

ጉብሬ ላይ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ ልትሳፈር በሩን ከፈተች። መኪናው ሞልቶ ከሳቢሪን አጠገብ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል።

«ግቢ እናቴ፣ ባዶ ነው» አልኳት።

ሴትየዋ ወደ ውስጥ አየችና ፊቷን አኮሳተረችብኝ።

«ልጆቹን ልታስነሳቸው ነው? ተኝተው የለ እንዴ!»

በሩን ዘግታ ሄደች።

በመስታወት አየሁ። ሳቢሪን ብቻዋን ናት። ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋለች... ትከሻ ላይ የተደገፈች ይመስል። አዑዙ ቢላህ። እስከ ቡታጅራ ድረስ ወደዚያ መስታወት ድጋሚ አላየሁም።

እቤት ከገባች በኋላ ሁለተኛ ኮባ የሚባል ነገር አልታየም። አለፈ አልን። እህቴም በሳህን ነው ምግብ የምታቀርበው። ሳቢሪን ግን ከበፊቱ የባሰ ዝም አለች። ለአኪኒ በስልክ ይቅርታ ጽፋላት ነበር። መልስ አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየች ትውላለች።

ቅዳሜ ዕለት ምሳ ልበላ እነሱ ቤት ሄድኩ። እህቴ ገበያ ናት። ቤቱ ጭር ብሏል።

«ሳቢሪን!»

ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ግቢው ሲሚንቶ ነው። እንሰት የሚባል ነገር እዚያ ሰፈር የለም።

ሲሚንቶው ላይ ሁለት ኮባ ተዘርግቷል። ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። በሁለቱም ላይ ትኩስ ቆጮና ጎመን አለ፤ እንፋሎቱ ይታየኛል።

ሳቢሪን እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ አንዱ ኮባ ፊት ቆማለች።

«ሳቢሪን... ነይ ወደዚህ» አልኩ በሹክሹክታ። «እትዬ ከድጄ ምን አሉሽ? ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«እና?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ፊቷ የፈራ ሰው ፊት አልነበረም።

«አጎቴ... ነይ ብዪ ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም እኮ።»

ተቀመጠች።

ሮጬ ደረስኩ። ከጎኗ ተንበርክኬ ብድግ ላደርጋት እጄን ስዘረጋ...

«አጎቴ፣ እዚያ ጋ አትቀመጥ» አለችኝ በቀስታ። «ሰው አለበት።»

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

ከሁለተኛው ኮባ በኩል የዶቃ ኮሽታ ሰማሁ። የሳቢሪን አምባር አይደለም። እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

ጉርሻ እንደሚቀበል ሰው ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

አፏን ከፈተች...

እና አኘከች።