ክሩ የሰማው ልብ

ሟቿ የተገኘችው ከክር መፍተያ ቤቱ ደረጃ ስር በፊቷ ተደፍታ ነው። የነጭ ጋዋኗ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ከጋዋኑ ስር የነበረው ሸሚዝ የለም።

ሴትየዋ በብር የተለበጠ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ትሠራ ነበር። ከክሩ የተሠራው ሸሚዝ የለባሹን የልብ ምት እያዳመጠ ወደ ስክሪን ይልካል። ጠዋት ራሷ ለብሳው ስትሞክረው ነበር። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል።

ጥበቃው ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ የግቢውን በር ቆለፈ፤ ከዚያ ዱላውን ፍለጋ ሄደ። ማንም አልወጣም። ውስጥ የነበሩት እሱ፣ የሟቿ ታናሽ እህትና «ሸረሪት» የሚሏቸው ክር ፈታይ ብቻ ናቸው። ቦርሳውም መሳቢያውም ተፈተሸ። ሸሚዙ አልተገኘም።

የተጠራችው መርማሪ ሦስቱንም ስክሪኑ ፊት አቆመቻቸው።

«ጠዋት ተጣልታችኋል» አለቻት እህቲቱን።

«እህቴ አይደለች? ከሷ ካልተጣላሁ ከማን ልጣላ?»

«ደረጃው ላይ የወደቀው ሻርፕ ያንቺ ነው።»

«ሁልጊዜ ትወስድብኛለች!» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ቀደማት።

መርማሪዋ ካቴናዋን ከቀበቶዋ ፈታች። ወደ ፈታዩም ዞረች።

«እርስዎስ?»

«ማሽኔ ላይ ነበርኩ። እኔ ክር ሲበጠስ ነው የምሰማው።»

«ሸሚዙ ለሌባው ምን ያደርግለታል?»

«ክሩን የተረተረ ሰው አሠራሩን ያገኘዋል።»

«ሌባው ለብሶት ቢሆንስ? መስመሩ አይነሳም ነበር?»

«ከስር ደረቅ ጨርቅ ካለ አይሰማም።»

«ደረቅ ካልሆነስ?»

ሸረሪት ግንባራቸውን ጠረጉ። ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ቢፕ።

መስመሩ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ ተመለሰ። ደግሞ ሌላ።

«ነፍሷ ናት!» ጥበቃው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«እትዬ?» አለች ልጅቷ ለስክሪኑ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ሁሉም መስመሩን ሲያዩ ሸረሪት ብቻ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

«ቱታዎን ይክፈቱ» አለች መርማሪዋ።

ከቱታው ስር ብርማው ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ስር የጥጥ ካናቴራ። ካናቴራው በላብ ርሷል።

«ጣቴ እስኪቆስል የፈተልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሸረሪት። «እሷ ፈጠራውን በስሟ ብቻ ልታስመዘግበው ነበር። የኔም ስም ይግባ አልኳት። ሳቀችብኝ። ገፋኋት።»

ካቴናው እጃቸው ላይ ገባ። ልጅቷ ተጠጋቻቸው። አላለቀሰችም።

«ጋሼ፣ ሸሚዙን ሲያወልቁላት ልቧ ይመታ ነበር?»

ሸረሪት ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

ሸሚዙ ግን ገና ደረታቸው ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ መጋለብ ጀመረ። ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። ልጅቷ የጥያቄዋን መልስ እስክትሰማ ድረስ ማንም አላጠፋውም።